ደሴና ኮምቦልቻ ለምትልኩት የቤት ሲኒማ

መጀመሪያ የስሙን ነገር እናጥራ። ቤት ደውላችሁ «ሪሲቨር ልልክ ነው» ካላችሁ የሚጠብቁት የዲሽ ሪሲቨር ነው። የምናወራው የፊልሙን ድምፅ ፈትቶ ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብዉፈር (የባስ ስፒከር) ስለሚያከፋፍለው አምፕሊፋየር፣ ሻጮች ኤቪ ሪሲቨር ስለሚሉት ነው።

ሻጩ ስለ ዶልቢ አትሞስ (ከራስ በላይም ስለሚሰማው ድምፅ) ሳይጀምርላችሁ ዕቃውን አዙሩና ጀርባው ላይ የተጻፈውን አንብቡ። አሜሪካ የሚሸጠው አብዛኛው 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ ብቻ ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ። እንዲሁ ከተሰካ አለቀለት። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያወርዳል እንጂ ኸርዙን አይቀይርም፤ ስለዚህ ለ60 የተሠራው በ50 ሲሠራ ይበልጥ ይግላል። የግድ ከሆነ ጀርባው ላይ ያለውን ዋት እጥፍ የሚችል ትራንስፎርመር ግዙ፤ 400 ከሆነ 800። ዱባይ፣ ኩዌት፣ አውሮፓ ያላችሁ አብሽሩ፤ ቮልቱ ይስማማል፣ የሚቀረው የፕለጉ ጥርስ ነው። ጅዳና ሪያድ ያላችሁ ግን ሳዑዲ 60 ኸርዝ ስለሆነች «50/60» የሚል ጽሑፍ ፈልጉ።

ቀጥሎ ኮርኒሱን ጠይቁ። ድምፁን ወደ ላይ ልከው አንጥረው የሚመልሱት የአትሞስ ስፒከሮች ጠፍጣፋና ጠንካራ ኮርኒስ ይፈልጋሉ። የቤቱ ኮርኒስ አቡጀዲ ወይም ማዳበሪያ ከሆነ ድምፁ ጨርቁን አልፎ ቆርቆሮው ሥር ይቀራል። ለእንዲህ ያለ ሳሎን 5.1 (አምስቱ ስፒከርና አንዱ ሰብዉፈር) ከበቂ በላይ ነው። የተረፈውን ብር ለመሀል ስፒከሩ ጨምሩት፤ ንግግሩ በብዛት የሚወጣው በሱ ነው።

አሁን ወደ ዋናው፣ ድምፁን የሚፈታው ማነው? ፍላሽ ተሰክቶ «ምስል አለ፣ ድምፅ የለም» የሚባለው ብዙ ጊዜ የፊልሙ ድምፅ ዲቲኤስ በሚባል አሠራር የታመቀ ሆኖ ቲቪው ዲቲኤስ መፍታት ስለማይችል ነው። ፍላሹን በቲቪው ፋንታ ትንሽ የሚዲያ ማጫወቻ ላይ ሰክታችሁ ማጫወቻውን በኤችዲኤምአይ ቀጥታ ከአምፕሊፋየሩ አገናኙት። ከቲቪው ድምፅ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ በቲቪው የድምፅ ሴቲንግ «ፒሲኤም» (ቲቪው ራሱ ፈትቶ የሚልከው) የሚለውን ወደ «ቢትስትሪም» ወይም «ፓስ ስሩ» (ሳይፈታ የሚያሳልፈው) ቀይሩት፤ በኦፕቲካል (ድምፁን በብርሃን በሚወስደው) ገመድ ፒሲኤም ከሁለት ቻናል አያልፍም። ኦፕቲካል ተራውን ዶልቢ ዲጂታልና ዲቲኤስ በ5.1 ያሳልፋል፣ የብሉሬይ ዲስኩን ምንም ያልተቀነሰለት ድምፅ፣ ትሩኤችዲን ግን አይችልም። ኤአርሲ (የቲቪውን ድምፅ በኤችዲኤምአይ ገመድ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚመልሰው) የዥረት (በኢንተርኔት ፊልም የሚያሳዩ) አገልግሎቶቹን ዶልቢ ዲጂታል ፕላስ ይሸከማል፤ ለትሩኤችዲ የተሻሻለው ኢ-ኤአርሲ ያስፈልጋል። ብሉሬይ ለሌለበት ቤት ለኢ-ኤአርሲ መክፈል ትርፍ ነው። ከዲሽ የሚመጣው ባለ ሁለት ቻናል ድምፅ ሲሆን ሪሞቱ ላይ «ዶልቢ ሰራውንድ» ሲመረጥ ወደ አምስቱም ይበተናል። ከዚያ ብዙ አትጠብቁ።

የስፒከር ገመድ ከባሕር ማዶ አትሸከሙ። ከተማው ውስጥ የሚሸጠው ባለ 1.5 ካሬ ሚሊ ለስላሳ የመብራት ገመድ እስከ 10 ሜትር ድረስ ለ8 ኦም ስፒከር ይሆናል። ጫፉን አንድ ሳንቲም ተኩል ያህል ልጣችሁ ክሮቹን አጥብቃችሁ ጠምዝዙ። ፀጉር የምታህል አንዲት የመዳብ ክር ከቀዩ ወጥታ ጥቁሩን ብትነካ አምፕሊፋየሩ «ፕሮቴክት» ብሎ ይጠፋል፤ ተቃጠለ ብለው ወደ ጥገና ሊወስዱት ነው። ቀይና ጥቁሩ በአንዱ ስፒከር ላይ ብቻ ከተገለበጠ ደግሞ አይጠፋም፣ ባሱ ይሟሽሻል፣ ምክንያቱን የሚያገኘው የለም።

መብራቱ ሄዶ ሲመጣ እንዳይጎዳው ስታቢላይዘር ይኑር፤ ሲጠፋ ደግሞ ከሶኬቱ ይነቀል። ከላይ ዳንቴል አይልበስ፣ የዲሹም ሪሲቨር አይደረብበት፤ ሙቀቱ የሚወጣው በላዩ ባሉት ቀዳዳዎች ነው።

የኋላዎቹ ሁለት ስፒከሮች ከሶፋው ግራና ቀኝ፣ ከጆሮ ትንሽ ከፍ ብለው ይሰቀሉ። ከአምፕሊፋየሩ ጋር የሚመጣውን ማይክ በተቀማጩ ጆሮ ቁመት አስቀምጠው የስፒከሮቹን ድምፅ በአምፕሊፋየሩ ያስለኩ፤ ሲጨርስ ትንንሾቹ ስፒከሮች ባሱን ለሰብዉፈሩ የሚለቁበትን ወሰን ከ80 ኸርዝ በታች ካስቀመጠው ወደ 80 ይመልሱት። ሐምሌ ላይ ከሆነ ግን ዝናቡ እስኪያባራ ይጠብቁ፤ ቆርቆሮው እየተንጫጫ ማይኩ ዝናቡንም አብሮ ይለካል።