ፒካፑን ከመቀየርዎ በፊት

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። ሦስት ፒካፕ (የክሮቹን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይር ማግኔት) ያለው፣ በስትራቶካስተር ቅርፅ የተሠራ ርካሽ ኤሌክትሪክ ጊታርና ባለ 10 ዋት ትንሽ አምፕሊፋየር አለኝ። ጊታሩ ቅኝት አይይዝም፤ ከአሥረኛው ፍሬት (አንገቱ ላይ ካሉት የብረት መስመሮች) በላይ ስጫወት ደግሞ ድምፁ ይሳሳታል። አምፑ ያለማቋረጥ ያጉረመርማል። 6 ሺህ ብር አጠራቅሜአለሁ፤ ጓደኞቼ ፒካፑን ቀይርበት ይሉኛል። አንድ ሰው ደግሞ ጉርምርምታው እንዲጠፋ የአምፑን የመሬት መስመር ቁረጠው ብሎኛል። ምን ይመክሩኛል?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር፤ ሌላው ስሕተት ገንዘብ ሲያስከፍል ይህኛው ሕይወት ያስከፍላልና። የመሬት መስመሩን በፍጹም አይቁረጡ። የጊታርዎ ክሮች በብሪጁ (በአካሉ ላይ ክሮቹ በሚያርፉበት ብረት)፣ በጃኩ (ኬብሉ በሚሰካበት ቀዳዳ) እና በኬብሉ በኩል ከአምፑ የብረት አካል ጋር የተያያዙ ናቸው። አምፑ ውስጥ 220 ቮልቱ በብልሽት ከብረቱ ጋር ቢነካካ፣ የመሬት መስመሩ ፊውዙን አቃጥሎ አደጋውን ያስቀረዋል፤ መስመሩ ከተቆረጠ ግን ኤሌክትሪኩ ክሮቹ ላይ ሆኖ የሚነካውን ሰው ይጠብቃል። የስኮትላንዱ ጊታሪስት ሌዝሊ ሃርቪ እ.ኤ.አ. በ1972 በዌልስ ስዋንሲ ከተማ መድረክ ላይ ሕይወቱ ያለፈው የመሬት መስመሩ ያልተስተካከለ ማይክሮፎን በመንካቱ ነው። በብዙ የቆዩ ቤቶቻችን ግድግዳ ላይ ያለው ሶኬት የመሬት ሽቦ ጭራሽ የለውም፤ ስለዚህ ከ6 ሺህ ብሩ የመጀመሪያው ወጪ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ጠርቶ ይህን ማስፈተሽ ቢሆን ደስ ይለኛል። አምፑን ከአሜሪካ ዘመድ ያመጣልዎ ከሆነም ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቮልቴጅ ያንብቡ፤ 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ መቀነሻ ትራንስፎርመር 220 ላይ መሰካት የለበትም።

አሁን ወደ ጊታሩ እንምጣ። «ቅኝት አይይዝም» ተብሎ ወደ ጠረጴዛዬ ከሚመጣው ጊታር አብዛኛው መቃኛው ጤነኛ ነው። አንድ ወጣት ስድስቱንም መቃኛ አዲስ ገዝቶ ካስገጠመ በኋላ ችግሩ ሳይፈታለት ጊታሩን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ሦስተኛውን ክር ቀስ ብዬ ሳጠብቀው ድምፁ ለጥቂት ጊዜ አልነቃነቅ አለና በድንገት «ጥንግ» ብሎ ዘለለ። ያ ድምፅ ጥፋተኛውን ይናገራል። ክሩ በአንገቱ ጫፍ ባለው ናት፣ ማለትም ክሮቹ በስንጥቆቹ በሚያልፉበት ትንሽ ድጋፍ ውስጥ ተቀርቅሮ ቆይቶ ነው የሚያመልጠው፤ ሲጫወቱ ደግሞ ክሩ እንዲሁ ተቀርቅሮ ስለሚቀር ወደ ቦታው አይመለስም። እርስዎም ይህን ድምፅ ከሰሙ ክሩን አላልተው ከስንጥቁ ያውጡት፤ በቀጭኑ የተጠቀለለ ባለ 600 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት የስንጥቁን ግድግዳ ብቻ ሁለት ሦስት ጊዜ ያለስልሱ፣ ከዚያም በእርሳስ ጫፍ ውስጡን ያጥቁሩት። የእርሳሱ ግራፋይት ማለስለሻ ነው። የስንጥቁን ወለል ግን አይንኩ፤ ከመጠን በላይ ከወረደ ክሩ የመጀመሪያው ፍሬት ላይ እያረፈ ዝዝ ይላል፣ ያኔ ሙሉውን ናት መቀየር ግድ ይሆናል።

ክሮቹን በአዲስ ይተኩ፤ ውፍረታቸው ከ009 እስከ 042 ወይም ከ010 እስከ 046 የሆነው ይበቃል። በመቃኛው ዘንግ ላይ ከሁለት እስከ ሦስት ዙር ብቻ ይጠምጥሙና እያንዳንዱን ክር በእጅዎ ሳብ ሳብ እያደረጉ ደጋግመው ይቃኙት። የብሪጁን መወዛወዣ የማይጠቀሙበት ከሆነ የጀርባውን ክዳን ከፍተው ስፕሪንጎቹን የያዙትን ሁለት ብሎኖች በካቻቢቴ ያጥብቁ፤ ብሪጁ በእንጨቱ ላይ ተጣብቆ ይቀመጣል፣ ግማሹ የቅኝት ጣጣም አብሮት ያበቃል።

ከአሥረኛው ፍሬት በላይ ድምፁ የሚሳሳተው የክሩ ርዝመት ልክ ስላልሆነ ነው። የዚህ ዓይነቱ ጊታር የክር ርዝመት 648 ሚሊሜትር ነው፤ ከናቱ እስከ አሥራ ሁለተኛው ፍሬት 324 ሚሊሜትር፣ ከዚያም እስከ ብሪጁ የቀጭኑ ክር መቀመጫ ተመሳሳይ መሆን አለበት፤ ወፍራሞቹ ክሮች ትንሽ ይረዝማሉ። ክፍቱን ክር በስልክዎ መቃኛ አስተካክለው አሥራ ሁለተኛው ፍሬት ላይ ተጭነው ይምቱት። ድምፁ ከኦክታቩ (ከክፍቱ ክር እጥፍ ድምፅ) ከፍ ካለ መቀመጫውን ከአንገቱ ያርቁት፣ ዝቅ ካለ ያቅርቡት፤ ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ ክፍቱን ክር እንደገና መቃኘት አይርሱ። በአንቺሆዬ ለሚጫወት ሰው ይህ ሥራ ቅንጦት አይደለም፤ በግማሽ ድምፅ የሚቀራረቡት ኖታዎች ጥቂት እንኳ ከተዛነፉ ቅኝቱ ጠባዩን ያጣል። ነገር ግን ይህን ከማድረግዎ በፊት የአንገቱን ጉብጠት ያዩ ዘንድ እለምንዎታለሁ። የወፍራሙን ክር የመጀመሪያውና የመጨረሻው ፍሬት ላይ ተጭነው ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መካከል ያለውን ክፍተት ይመልከቱ፤ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ያህል ከሆነ መልካም ነው። ከዚያ በጣም ከሰፋ በአንገቱ ውስጥ ያለውን የብረት ዘንግ ከሩብ ዙር በማይበልጥ ያጥብቁና ጥቂት ሰዓት ይጠብቁት። እንጨት ከክረምት ወደ በጋ ሲያልፍ ስለሚለዋወጥ ይህ ልኬት በዓመት ሁለት ጊዜ ቢታይ ተገቢ ነው።

ጉርምርምታው ከየት እንደሚመጣ ለመለየት የጊታሩን ኬብል ከአምፑ ይንቀሉት። ኬብል ሳይኖር አምፑ ካጉረመረመ፣ ድምፁም በወፍራሙ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ከሚገኘው ኖታ ጋር የሚቀራረብ ከሆነ፣ በአምፑ የኃይል ክፍል ያሉት ትልልቅ ካፓሲተሮች (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙ ክፍሎች) ደክመዋል ማለት ነው። ያ ኖታ 98 ኸርትዝ ሲሆን ከእኛው ባለ 50 ኸርትዝ መብራት የሚወጣው የኃይል ክፍሉ ጉርምርምታ 100 ኸርትዝ ነው። ይህን ጥገና ለባለሙያ ይተዉት። ኬብሉ ሲነቀል ጸጥ ካለ ግን ጉዳዩ ከጊታሩ ነው። ክሮቹን ሲነኩ ጉርምርምታው ከቀነሰ የውስጥ ግራውንዱ (የጊታሩ የመሬት ሽቦ) ደህና ነው፤ ሲነኩ ከጨመረ ጃኩ ላይ ሁለቱ ሽቦዎች ተገላብጠው ሊሆን ይችላል፤ ምንም ለውጥ ከሌለ ወደ ብሪጁ የሚሄደው ሽቦ ተበጥሷል፣ በሶልደሪንግ አይረንና በጥቂት ሊድ ይመለሳል።

ሽቦዎቹ ደህና ከሆኑ የፒካፖቹን ጉድጓድ በወጥ ቤት የአልሙኒየም ፎይል ያልብሱት። አልሙኒየም ሊድ ስለማይቀበል የግራውንዱን ሽቦ በብሎን ከፎይሉ ጋር ያስሩት፤ የሚያጣብቁበት ሙጫ ቁርጥራጮቹን በኤሌክትሪክ እንዳይለያያቸው ጫፎቻቸውን አንድ ላይ አጥፈው በቴስተር ያረጋግጡ። የፎይሉ ጠርዝ የጃኩን ጫፍ ወይም የመቀያየሪያውን እግሮች ከነካ ድምፁ ሙሉ በሙሉ ይጠፋል፣ እዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ፕላስተር ያድርጉ። ይህ ሥራ ከስልክ ቻርጀርና ከአምፖል የሚመጣውን ጭርጭር የሚል ድምፅ ይቀንሳል፤ ነጠላ የሽቦ ጥቅልል ያለው ፒካፕ ከትራንስፎርመር የሚስበውን ጉርምርምታ ግን ሙሉ በሙሉ አያስቀረውም። ለእርሱ ከአምፑ ራቅ ብሎ ጎን ማዞር ከምንም ይሻላል።

ቀሪውን ገንዘብ እኔ ብሆን በስፒከር ላይ አውለዋለሁ። የትንሹን አምፕ ድምፅ የሚያሳንሰው አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ኢንች የማይሞላው ስፒከሩ እንጂ 10 ዋቱ አይደለም። በተመሳሳይ ኃይል 3 ዴሲቤል ጎላ ብሎ የሚጮህ ስፒከር፣ የአምፑን ኃይል በእጥፍ ከማሳደግ ጋር ይተካከላል። ከሁለተኛ እጅ ዕቃ ሻጮች አሥር ወይም አሥራ ሁለት ኢንች የጊታር ስፒከር ካገኙ፣ የአምፑ ስፒከር መለያ ላይ የተጻፈውን ኦም ያንብቡ። 8 ኦም የሚል ከሆነ 8 ኦም ይግዙ፤ 4 ኦም ከሆነ ደግሞ 4 ወይም 8 ይሆናል፤ ከተጻፈው ያነሰ ግን የአምፑን ትራንዚስተሮች ያቃጥላል። ሳጥኑን ጀርባው ክፍት አድርገው ከኮምፔርሳቶ ሊሠሩት ይችላሉ፣ የአምፑን ስፒከር ሽቦዎች ወደዚያ ማዞር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ይህ ሁሉ የሚመለከተው የትራንዚስተር አምፕን ብቻ ነው። ቲዩብ (እንደ አምፖል የሚያበራ የመስታወት ቱቦ) ያለው ከሆነ ከመብራት ተነቅሎም በካፓሲተሮቹ ውስጥ ከ300 ቮልት በላይ ሊቀር ስለሚችል ክዳኑን አይክፈቱ።

ይህን ሁሉ አድርገው ድምፁ አሁንም ካላስደሰተዎ፣ ፒካፖቹን ወደ ክሮቹ አቅርበውና አርቀው ይሞክሩ። የመጨረሻውን ፍሬት ተጭነው በወፍራሙ ክር በኩል 2 ሚሊሜትር፣ በቀጭኑ በኩል 1.6 ሚሊሜትር ያህል ርቀት ላይ ጀምሩ፤ ማግኔቱ በጣም ሲቀርብ ክሩን ይዞ ድምፁን ያወዛውዘዋል። ከዚያም ፒካፖቹን ከሽቦዎቻቸው ፈትተው በቴስተር የሦስቱንም ኦም ይለኩልኝ። ከ5 እስከ 8 ኪሎ ኦም ካነበበ የሽቦ ጥቅልላቸው ጤነኛ ነው፤ አንዱ ምንም ካላነበበ ጸጉር መሰሉ ሽቦ ተበጥሷል ማለት ነውና ያኔ የትኛውን ፒካፕ ብቻ እንደሚቀይሩ እጽፍልዎታለሁ።