ለጉብኝት ስትሄዱ ሌሊት የሚደወልለትን ሰው ፈልጉ

ልጆቼ፣

ባለፈው ሳምንት አንድ አውቶቡስ ሙሉ የ11ኛ ክፍል ተማሪዎች መሥሪያ ቤታችንን ሊጎበኙ መጥተው ነበር። እኔም ከአስጎብኚዎቹ አንዱ ነበርኩ። በቴሌኮም ሥራ 32 ዓመት ሆኖኛል፣ ጡረታዬም ደርሷል፣ ስለዚህ እንዲህ ያለ እንግዳ ሲመጣ "አንተ ብታናግራቸው ይሻላል" ይሉኛል። ደስ ይለኛል። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ግን ያልነገርኳቸው ነገር ሆዴ ውስጥ ቀረ። ለእነሱም፣ ነገ ሌላ ቦታ ለምትጎበኙት ለእናንተም ልጻፈው ብዬ ነው።

መጀመሪያ የወሰድናቸው ሁሉም ወደሚወደው ክፍል ነው። ግድግዳው ሙሉ ስክሪን የሆነበት፣ ካርታው ላይ አረንጓዴና ቀይ ነጥብ የሚበራበት የኔትወርክ መቆጣጠሪያ። ስልኮች ወጡ፣ ፎቶ ተነሡ። ከዚያ ፕሮግራም የሚጽፉት ልጆች ጋ ሄድን። ወንበራቸው ምቹ ነው፣ ተማሪዎቹም ወደዱት። አንዱ እጁን አወጣና "ጋሼ፣ ደሞዙ ስንት ነው?" አለኝ። ጓደኞቹ ሳቁ።

እኔ አልሳቅኩም። ቤተሰቡ ነገ ይደርስልናል ብሎ የሚጠብቀው ልጅ ደሞዝ ቢጠይቅ ምን ነውር አለው? ቁጥሩን ሰምታችሁ ብቻ ከሄዳችሁ ግን ብሩ የሚከፈልበትን ሥራ ሳታዩት ወጣችሁ ማለት ነው። ስለዚህ ሌላም ጨምሩበት። "ትናንት ከጠዋት እስከ ማታ ምን ስትሠራ ዋልክ?" በሉ። "ሌሊት ነገር ሲበላሽ የሚደወለው ለማን ነው?" በሉ። ይህን የጠየቀ ልጅ አስጎብኚው ሊያሳየው ያላሰበውን ክፍል ያያል።

እኛ ጋ ያ ክፍል ምድር ቤት፣ ከጀርባ በኩል ነው። የኬብል ጥቅልል ተደርድሯል፣ የጄኔሬተር ድምፅ ይሰማል። እዚያ ሁለት የፋይበር ቴክኒሻኖች ነበሩ። አብዛኛው ተማሪ በሩ ላይ ቆሞ አየና አለፈ። አንዲት ልጅ ግን ቀረች። "ምን እየሠራችሁ ነው?" አለቻቸው።

አንደኛው ቴክኒሻን ከኬብሉ ውስጥ አንድ ክር መዞ ሰጣት። መስታወት ነው። ልባሱ ሲላጥ ውፍረቱ 125 ማይክሮን፣ ማለትም የአንድ ሚሊ ሜትር ስምንተኛ ነው። ብርሃኑ የሚሄድበት መሃሉ ደግሞ 9 ማይክሮን ገደማ ብቻ። ከዚያ እያሳያት ከሌላ ክር ጋር ቀጠለው። ላጠው፣ በአልኮል ጠረገው፣ ጫፉን ልክ እንደ ምላጭ ቀጥ አድርጎ ቆረጠው፣ ሁለቱን ጫፎች ማሽኑ ውስጥ ፊት ለፊት አስቀመጣቸው። ትንሿ ስክሪን ላይ ሁለቱ ክሮች እንደ ሁለት ግንድ ገዝፈው ታዩ። ማሽኑ ራሱ አስተካከላቸው፣ ብልጭ አለ፣ አንድ ሆኑ። ልጅቷ ትንፋሿን ይዛ ነበር የምታየው። "በቃ?" አለች። "በቃ። አሁን ከሌላ ከተማ የሚመጣ ስልክ በዚህ ያልፋል" አላት።

ከዚያ የቀለሙን ቅደም ተከተል እንደ ዳዊት ደገመላት። ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ፣ ቡናማ እያለ እስከ 12። ሌሊት ዝናብ እየዘነበ፣ መንገድ ሠሪ ማሽን የበጠሰውን ኬብል ጉድጓድ ዳር ሸራ ወጥሮ ሲቀጥል ቀለሙን ማሰብ የለበትም፣ እጁ ሊያውቀው ይገባል። ስክሪን ላይ ያያችሁት ቀይ ነጥብ አረንጓዴ የሚሆነው እሱ ከጉድጓዱ ዳር ሲነሣ ነው። በፈረንጆቹ 1894፣ በአጼ ምኒልክ ዘመን፣ ስልክ አገራችን ሲገባም ሽቦ ሲበጠስ ሄዶ የሚቀጥል ሰው ግድ ነበር። ዛሬም ግድ ነው።

ይህ ቴክኒሻን የተማረው ቴክኒክና ሙያ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተና አልመጣለትም። እሱ ራሱ እንድነግራችሁ ፈቅዶልኛል። ከእናንተም ውስጥ የማይመጣለት ይኖራል፣ ይህን ማለት ደስ ባይልም እውነት ነው። ዩኒቨርሲቲ ያልገባ ሰው ከዚህ ሥራ ውጪ ነው ብሎ የነገራችሁ ካለ አልተመለከተም።

ኮድ መጻፍ የምትወዱም አላችሁ፣ በርቱ። በ2016 የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና በነጻ የፕሮግራሚንግ፣ የአንድሮይድ፣ የዳታ ሳይንስና የአርቲፊሻል ኢንተለጀንስ መሠረት ያስተምራል፣ ሰርተፊኬትም ይሰጣል። ውሰዱት። ብቻ ሰርተፊኬቱን ይዛችሁ ስትመጡ እኛ የምንጠይቃችሁ "ምን ሠራህበት?" ብለን ነው። የሰፈራችሁ ሱቅ ዱቤ የሚመዘግብበት ትንሽ ነገር እንኳ ቢሆን፣ ሠርታችሁ ሰው ሲጠቀምበት አይታችሁ ኑ።

አንድ የራሴንም ልንገራችሁ። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት፣ ሌሊት መስመር ስናዛውር የተሳሳተ ጥቅል ነቀልኩ። አንድ ሰፈር ሙሉ ስልክ አጣ። ወዲያው ገባኝ። ግን ፈራሁ፣ አለቃዬ ሳያውቅ ልመልሰው ብዬ ብቻዬን ስታገል 40 ደቂቃ አለፈ። ስነግረው በአምስት ደቂቃ መለሰው። አልተቆጣም። "እኔም ነቅዬ አውቃለሁ" አለኝ፣ "ዝም ብዬ ግን አላውቅም።" በዚያ 40 ደቂቃ ውስጥ በሰፈሩ ስንት ሰው አምቡላንስ ሊጠራ ፈልጎ ይሆን እያልኩ እስከ ዛሬ አስባለሁ። ስለዚህ ስትጎበኙ ይህንንም ጠይቁ፦ "እዚህ ሰው ሲሳሳት ምን ይደረጋል?" መልሱን ስትሰሙ የሰዎቹን ፊት እዩ። ከደሞዙ እኩል የሚያስፈልጋችሁ እሱ ነው።

አሁን ወደከነከነኝ ነገር ልምጣ። የመጡት ተማሪዎች በሙሉ የተፈጥሮ ሳይንስ ናቸው። አስተማሪውን "የማኅበራዊ ሳይንሶቹስ?" አልኩት። "የቴክኖሎጂ ድርጅት ስለሆነ ነው" አለኝ። ቅንነት ነው፣ ግን ስህተት ነው።

እኛ ጋ ለደንበኛ የሚላከውን አጭር መልእክት የምትጽፍ ባልደረባ አለች። የተማረችው አማርኛ ቋንቋና ሥነ ጽሑፍ ነው። ቀላል ሥራ ይመስላል አይደል? አንድ አጭር መልእክት የሚይዘው 140 ባይት፣ ማለትም 1120 ቢት ነው፤ ቢት የኮምፒውተር ትንሿ መለኪያ ናት። የላቲኑ ፊደል በ7 ቢት ስለሚላክ 160 ይገባል። የኛ ፊደል 16 ቢት ይወስዳል፣ ስለዚህ 70 ብቻ። አፋን ኦሮሞ በላቲን ስለሚጻፍ 160ውን ያገኛል፣ አማርኛና ትግርኛ በ70 ይብቃቃሉ። ባዶ ቦታውም ይቆጠራል። አንድ ፊደል ካለፈ መልእክቱ ሁለት ይሆናል፣ በደንበኛው ቁጥር ሲባዛ ደግሞ ወጪውን አስቡት። ብር በስልክ መላክ ከተለመደ ወዲህማ ያቺ መልእክት ደረሰኝ ሆናለች፣ ሰው የሚያምነው እሷን ነው።

ታዲያ አንድ ጊዜ ጥገና ነበረን። የመሐንዲሶቹ ኮምፒውተር "ዓርብ 00:00" ይላል። መልእክቱ ተቻኩሎ "ዓርብ ከሌሊቱ 6 ሰዓት አገልግሎት ይቋረጣል" ተብሎ ወጣ። ኮምፒውተሩ ቀኑን የሚቀይረው እኩለ ሌሊት ላይ ነው። የኛ ሰው ቀኑን የሚቀይረው ሲነጋ ነው። ለእናቴ ሐሙስ ሌሊት እስኪነጋ ድረስ ሐሙስ ነው። ስለዚህ ደንበኛው ለዓርብ ማታ ተዘጋጅቶ ሳለ ሐሙስ ተኝቶ መስመሩ ጠፋ። የሌሊት ተረኛ ፋርማሲ ያለው አንድ ደንበኛ በማግስቱ መጥቶ የተናገረን ትክክል ነበር። ችግሩ ምን እንደሆነ የነገረችን ከመሐንዲሶቹ አንዱም አይደለም፣ ያቺ መልእክት የምትጽፈው ባልደረባ ናት። እኛ ሰዓቱን ስናይ እሷ ሰውየው እንዴት እንደሚያነበው ታያለች።

ይህን ታሪክ ለልጆቹ አዳራሽ ውስጥ ነገርኳቸውና "እናንተ ብትሆኑ እንዴት ትጽፉታላችሁ?" አልኳቸው። ባልደረባዬም ቆማ ነበር። እሷ ያኔ ሁለቱንም ቀን አብራርታ ጽፋው ከ70 አልፎባት እንደነበር አውቃለሁ። አንዱ "ቀኑን በቁጥር እናድርገው" አለ። ሌላው "በፈረንጅ ሰዓት" አለ፣ እሱን ጓደኞቹ ራሳቸው አልተቀበሉትም። ትንሽ ዝም ተባለ። ከዚያ ያቺ ፋይበሩን ይዛ የነበረችው ልጅ፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "አያቴ እኮ ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ነው የምትለው" አለች።

ባልደረባዬ እስክሪብቶ አነሣችና ሰሌዳው ላይ ጻፈችው፦ "ሐሙስ ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6 እስከ 10 ሰዓት ለጥገና አገልግሎት ይቋረጣል። ይቅርታ።" ልጆቹ ጮክ ብለው አብረው ቆጠሩ። 56። ገና 14 ፊደል ይተርፋል።

ለትምህርት ቤቱ ደብዳቤ ጽፌያለሁ። ከጥምቀት በኋላ ሁለተኛው አውቶቡስ የማኅበራዊ ሳይንስ ተማሪዎችን ይዞ ይመጣል። ጉብኝቱን የምንጀምረው ከምድር ቤቱ ነው።