ወደ ሜክሲኮ ሲቲ መመለስ ለስፓኒሽ ተማሪ ይጠቅማል ወይ? (መልስ)

ስፓኒሽ መማር ከጀመሩ በኋላ ወደ ሜክሲኮ ሲቲ ቢመለሱ ይሻል እንደሆነ ወይስ አዲስ ከተማ ቢያዩ ብለው ለጠየቁት፣ እኔ ያለ ማመንታት መመለሱን እመርጣለሁ። በመጀመሪያው ጉዞ አቅጣጫ መፈለግና ከ2,200 ሜትር በላይ የሆነውን ከፍታ መልመድ ጉልበት ይጨርሳል፤ በሁለተኛው ግን ከተማው የታወቀ ስለሚሆን ሙሉ ትኩረትዎን ለቋንቋው መስጠት ይችላሉ።

እኔን ከሁሉ በላይ ያስተማረኝ እ.ኤ.አ. በ1969 ሥራ የጀመረው የምድር ውስጥ ባቡር ነው። እያንዳንዱ ጣቢያ የራሱ ሥዕላዊ ምልክት አለው፤ የቻፑልቴፔክ ምልክት ፌንጣ ነው፤ ስሙም ከሜክሲኮ ነባር ቋንቋዎች አንዱ በሆነው በናዋትል «የፌንጣ ኮረብታ» ማለት ነው። ባቡሩ በሰው ሲጨናነቅ ከኋላ ያለው ተሳፋሪ «ባ ኣ ባሃር?» ማለትም «ይወርዳሉ?» ብሎ ይጠይቃል። በመጀመሪያው ጉዞዬ ይህን ሰምቼ ግራ ተጋብቼ ዝም ብዬ ቆሜ ነበር፤ ስመለስ ግን «ሲ» ማለትም «አዎ» ብዬ መለስኩና አብረን ወረድን፤ ያን ቀን የተሰማኝን ደስታ እስካሁን አልረሳውም።

«አኦሪታ» ሲሉዎት ግን ይጠንቀቁ፤ በመዝገበ ቃላት «አሁኑኑ» ቢሆንም በሜክሲኮ «ቆይቶ» ማለትም ሊሆን ይችላል። በእንግሊዝኛ ቢመልሱልዎትም እርስዎ በስፓኒሽ ይቀጥሉ፤ አብዛኞቹ በትዕግሥት ያዳምጡዎታል።