ገናን በትሮምቦን ስትቀርጹ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ከተለያየ አገር ቢመጡም የሚያነሱት አንድ ነገር ነው፤ የገና ሙዚቃን በትሮምቦን ስለ መቅረጽ። በጣም ደስ ብሎኛል። ይህን ስላይድ የሚባለው ቧንቧው ወደ ፊትና ወደ ኋላ እየተሳበ የሚነፋ የናስ መሣሪያ እወደዋለሁ፤ ብዙ ጊዜ ግን ከኋላ ወንበር ተቀምጦ ይረሳል።

«ጋሼ፣ እዚህ ሽቱትጋርት በቤተ ክርስቲያናችን የናስ ቡድን ውስጥ ትሮምቦን እጫወታለሁ። ስምንት ሆነን የገና መዝሙሮች ልንቀርጽ ነው። የትኛውን ማይክ እንግዛ?»

ማይኩን ለጊዜው ተዉትና መጀመሪያ ክፍል ፈልጉ። ቤተ ክርስቲያኑ መሐል ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ። ድምፁ ቶሎ ካልጠፋ የአንዱ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ጭራ የሚቀጥለውን ያበላሽባችኋል። ያን ጊዜ አነስ ያለ አዳራሽ ይሻላል። ትሮምቦን ደማቁን ድምፁን የሚወረውረው ቀጥታ ወደ ፊት ነው። ስለዚህ በእያንዳንዱ ሰው ፊት ማይክ አትደቅኑ፤ የሚቀረጸው ጩኸት ብቻ ይሆናል። ግማሽ ክብ ሠርታችሁ ቁሙ። ሁለት ካርዲዮይድ ማይኮችን (በዋናነት ከፊት የሚመጣውን ድምፅ የሚይዙ) ከሦስት ሜትር ገደማ ርቀት፣ ከጭንቅላታችሁ ከፍ አድርጋችሁ አቁሙ። በመካከላቸው 17 ሳንቲ ሜትር ይኑር፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ በ110 ዲግሪ ይከፈቱ። የአንዱ ድምፅ ከበዛ ማሽኑን አትነካኩ፤ ሰውየው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ይበል። ደግሞ መግዛቱ ምን አስቸኮላችሁ? በጀርመን ወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት የናስ ቡድኖች ውስጥ ከ100,000 በላይ ሰዎች ይጫወታሉ። ከጎረቤት ቡድን መዋስ ይቻላል።

«ሁላችንም በስልክ ቱነር (የቅኝት መለኪያ) አስተካክለን ጀመርን። ስንሰማው ግን ቅኝቱ ወርዷል፣ ኮርዱም ይሻክራል። ምን ሆነን ነው?» ከሚኒያፖሊስ

ሁለት የተለያዩ ችግሮች ናቸው። መውረዱ ከብርዱ ነው። ድምፅ በ20 ዲግሪ ሙቀት በሰከንድ 343 ሜትር ይጓዛል፤ በ10 ዲግሪ ግን ወደ 337 ይወርዳል። ቧንቧው ውስጥ ያለው አየር ሲቀዘቅዝ ኖታውም አብሮ ይወርዳል። ትንፋሻችሁ ያሞቀዋል፤ ቁጭ ብላችሁ ስትጠብቁ ግን መልሶ ይበርዳል። ክፍሉን ቀድማችሁ አሙቁ። በአንዱ ቀረጻና በሌላው መካከልም ድምፅ ሳታወጡ በመሣሪያው ውስጥ ሞቅ ያለ ትንፋሽ አስተላልፉ።

መሻከሩ ከቱነሩ ነው። ቱነር የሚለካው እንደ ፒያኖ ነው። ዶ፣ ሚ፣ ሶል ብላችሁ ኮርድ ስትሠሩ ግን ጆሮ የሚወደው ሚ ቱነሩ ከሚያሳየው በ14 ሴንት ዝቅ ይላል። አንድ ሴሚቶን፣ ማለትም በፒያኖ ላይ ከአንዱ ቁልፍ እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት፣ 100 ሴንት ነው፤ ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ፒያኖ ይህን ማድረግ አይችልም። ትሮምቦን ይችላል፤ ስላይዱ የፈለጋችሁት ቦታ ላይ ይቆማል። ለእኔ የትሮምቦን ስብስብ ውበቱ እዚህ ላይ ነው! ባሱ ዶን ይያዝ። ሶል ይግባ። በመጨረሻ ሚ ይግባና ጆሮ ላይ የሚንቀጠቀጠው ነገር እስኪረጋ ድረስ ስላይዱን ጥቂት ያውጣ። ይህን ሳትቸኩሉ በየልምምዱ መጀመሪያ አድርጉት። ቤትሆቨን በ1812 እ.ኤ.አ. ሊንዝ ከተማ ላይ ለአራት ትሮምቦን የጻፋቸው አጫጭር ሥራዎች ቀስ ያሉ ስለሆኑ ለዚህ ልምምድ በጣም ይመቻሉ።

«እናቴ ‹ይኼ የሰልፍ መሣሪያ ነው፣ ለልደት አይሆንም› ትለኛለች። ምን ልበላት?» ከሜሪላንድ

እናትሽ እውነት አላቸው፤ እኛ አገር ናስ የታወቀው በሰልፍ ነው። በ1924 እ.ኤ.አ. ራስ ተፈሪ ኢየሩሳሌም ላይ አግኝተው ወደ አዲስ አበባ ያስመጧቸው 40 አርመናውያን ወላጅ አልባ ልጆች የናስ ማርሽ ባንድ ነበሩ። በአውሮፓ ግን ትሮምቦን ኦርኬስትራ ውስጥ ከመለመዱ በፊት ለረጅም ዘመን የቤተ ክርስቲያን መሣሪያ ነበር። ጀርመናዊው ሃይንሪሽ ሹትዝ በ17ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው የልደት ታሪክ ውስጥ የካህናት አለቆቹ የሚዘምሩት በትሮምቦን ታጅበው ነው። ከእናንተም ሩቅ ሳይሆን፣ ፔንሲልቬኒያ ውስጥ ቤተልሔም በምትባል ከተማ፣ ሞራቪያውያን የሚባሉ ፕሮቴስታንቶች ከ1754 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በትሮምቦን ያመልካሉ። አንድ እሑድ እናትሽን ይዘሻቸው ሂጂ።

«የቅዱስ ያሬድን የልደት ዜማ ለአራት ትሮምቦን ላቀናብር አስቤያለሁ።» ከአዲስ አበባ

ወንድሜ፣ እኔ አልመክርህም። ዜማው ከቃሉ፣ ከከበሮው፣ ከጸናጽሉና ከመቋሚያው ጋር አብሮ የሚኖር ነው። የፈረንጅ አራት ድምፅ ሲደረብበት መንገዱን ይስታል። ይልቅ የገና ጨዋታ ዘፈኖችን ሞክር። አውጪና ተቀባይ አላቸው፤ አንዱ ትሮምቦን ያውጣ፣ ሦስቱ በአንድ ድምፅ ይቀበሉ። በአንቺሆዬ ቅኝት የሚሄድ ዜማ ካለህ ደግሞ ስላይዱ ፒያኖ የማያገኛቸውን ድምፆች ያገኝልሃል።

«‹ሳይለንት ናይት› የሚባለውን የገና መዝሙር ዩቲዩብ ላይ ብንጭን እንጠየቃለን?»

ዜማው ነጻ ነው። ፍራንዝ ግሩበር የደረሰው በ1818 እ.ኤ.አ. ኦስትሪያ ውስጥ ነው። የገዛችሁት የትሮምቦን ቅንብር ግን የአቀናባሪው ነው፤ ኖታ መግዛት የመቅረጽ ፈቃድ አይሰጥም። አሳታሚውን ጠይቁ፣ ወይም ራሳችሁ አቀናብሩት።

«መቼ ብንቀርጽ ይሻላል?»

ጥቅምት ላይ። ለታኅሣሥ 16ቱም ለ29ኙም ይደርስላችኋል፤ ከንፈራችሁም በበዓል ፕሮግራም ብዛት አይደክምም።