ቁሌት ላይ የሚጠፋው ጊዜ ያዋጣል ወይ?

«ማታ 12 ሰዓት ከሥራ እየገባሁ፣ ልጆች እራት እየጠበቁ፣ ሽንኩርት አንድ ሰዓት ማቁላላት እውነት ለጣዕሙ ይጨምራል ወይስ ከንቱ ድካም ነው?» ብላ ለጠየቀችው የደብረ ማርቆስ እህታችን፦

እህቴ፣ እንደ ወጡ ነው። ለዶሮ ወጥ አቋራጭ የለውም። ሽንኩርቱ ውሃውን ሳይጨርስ ዘይት ከገባበት፣ ወጡ ሲወጣ ሽንኩርቱ ለብቻው መረቁ ለብቻው ይሆናል። መጀመሪያ በደረቁ አማስይው፤ ድስቱን ሲይዝብሽ ብቻ ውሃ ጠብ አድርጊበት። ዓይን የሚያቃጥለው ሽታ ጠፍቶ ጣፋጩ ሲመጣ ዘይቱን፣ ከዚያ በርበሬውን ጨምሪ። በርበሬውንም አትቸኩይበት፤ ሳይቁላላ ውሃ ከተቸለሰበት ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ያንን ቅቤም መከለሻም አይሸፍነውም።

ሽንኩርት በማሽን መፍጨቱን አልወደውም። ውሃው ስለሚበዛ በመክተፍ ያተረፍሽውን ጊዜ እሳቱ ይወስደዋል፤ አንዳንዴም ይመርራል። ከቆጋ መስኖ እየመጣ መራዊ ገበያ ላይ የሚሸጠው ትልልቁ ሽንኩርት ለመላጥ ይቀላል፣ ግን ውሃ አለው። የሐበሻው መላጡ ቢያሰለችም ቶሎ ይቁላላል፣ ጣዕሙም ይበልጣል። ለዓመት በዓል እኔ የሐበሻውን ነው የምይዘው።

ሽሮ ግን ሌላ ነው። የሽሮ ድካም ወፍጮ ቤት ላይ አልቋል፤ እህሉ ተቆልቶ ተከክቶ፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ በሶብላው፣ ኮረሪማው አብሮ ተፈጭቷል። በዚያ ላይ ሽንኩርት አንድ ሰዓት ማቁላላት ምንም አይጨምርለትም። ለስለስ ሲል ይበቃል፤ ጊዜውን ለመንተክተኩ ስጪው። ኮሰረት ያልተነፈገው ቅቤ ካለሽ ልታወጪ ስትይ አንድ ማንኪያ ጣል አድርጊበት። ባሕር ዳር ያላችሁ ደግሞ የዕለቱን ቆሮሶ በጨውና በሎሚ ብቻ ጥበሱት፤ ለእኔ ቁሌት የዓሣውን ጣዕም ይጫነዋል።

ለሥራ ቀን የምመክርሽ፣ እሑድ በትልቅ ድስት ቁሌቱን ከነበርበሬው አብስለሽ፣ ሲቀዘቅዝ በየእራቱ ልክ ከፋፍለሽ ፍሪዘር ውስጥ ማስቀመጥ ነው። ማታ ስትገቢ ታጥቦ የተዘጋጀ ምስር ክክ ከጨመርሽበት ግማሽ ሰዓት ባልሞላ ጊዜ የሚበላ ወጥ ታወጫለሽ፤ ማንም የዕለት አይደለም አይልሽም። ቁሌቱ ላይ ቅቤ አታግቢ፤ ለረቡዕና ለዓርብም ይሆንሻል።