ጣሳ ገጥመን ዘይቱን እናጥምደው ወይ? የመኪና ጥያቄዎቻችሁ

ጥያቄ፦ ጋሼ እንደምን ነዎት፣ አምድዎን ሁሌ አነባለሁ። የ2003 ሞዴል ቪትዝ አለኝ፣ ባለ 1 ሺህ ሲሲዋ። ሱሉልታ እየኖርኩ ስራዬ ፒያሳ ስለሆነ በየቀኑ በአዲሱ ገበያ በኩል ያንን ዳገት እወጣለሁ እወርዳለሁ። ሰሞኑን ዲፕራተር (የአየር ማጣሪያውን) ልቀይር ስፈታ የአየር መግቢያው አፍ፣ ትሮትሉ ጋር፣ ጥቁር ዘይት ተለጥፎ አገኘሁ። የሰፈር ልጅ ደሞ "ጣሳ ላይ ሁለት ቱቦ በይደን ውስጡ የድስት መፈተጊያ ሽቦ እንጨምርና ፒሲቪው ቱቦ፣ የሞተሩ መተንፈሻ መሀል እናስገባዋለን፣ ዘይቱ እዛው ይቀራል" አለኝ። ዩቲዩብ ላይም አይቼዋለሁ፣ ቀላል ነው የሚመስለው። ላሰራው? የሚጎዳውስ ነገር አለ? (ከሱሉልታ)

መልስ፦ ወንድሜ፣ የልጁ ሀሳብ ክፉ አይደለም፣ ግን አንተ ያየኸው ዘይትና እሱ ጣሳ ሊያስገባበት ያሰበው ቱቦ አይገናኙም። ትንሽ ይረዝማል ግን ታገሰኝ።

ፋሻው፣ የፒስቶኑ ቀለበት ማለት ነው፣ ምንም አዲስ ቢሆን ሞተር ሲሰራ ከፒስቶኑ በላይ ከሚቃጠለው ጋዝ ትንሽ ትንሹ እያመለጠ ዘይቱ ወዳለበት ወደ ታች ይወርዳል፣ እዛ ደሞ የዘይት ጭጋግ፣ ውሃና ያልተቃጠለ ቤንዚን ይቀላቀለዋል። ይሄ ነገር መውጫ ካጣ ግፊቱ ፓራሊዮውን (የዘይት ማገጃ ጎማውን) እየገፋ ዘይት ማንጠባጠብ ይጀምራል። ድሮ በቱቦ አስፋልት ላይ ነበር የሚለቀቀው፣ በፈረንጆቹ 1960ዎቹ ካሊፎርኒያ ላይ ሰው በጭስ ሲማረር ነው ተመልሶ ሞተር ውስጥ ገብቶ እንዲቃጠል የተደረገው። ፒሲቪ የምትባለው ቫልቭ ስራዋ ይሄው ነው።

አሁን ያንተ ቪትዝ መተንፈሻ ቱቦዋ ሁለት ነው። አንዱ ከሞተሩ የላይ ክዳን በፒሲቪ አድርጎ ከትሮትሉ ኋላ ማኒፎልዱ (አየሩን ለሲሊንደሮቹ የሚያከፋፍለው) ላይ ይገባል፣ ሌላው ከዛው ክዳን ተነስቶ ከትሮትሉ ፊት፣ ከዲፕራተር በሚመጣው ቱቦ ላይ ነው የሚገባው። ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳትረግጥ ሞተሩ ሲሰራ) እና ቀስ ብለህ ስትነዳ ማኒፎልዱ በሀይል ስለሚስብ ጋዙ በፒሲቪ ይሄዳል፣ በሌላው ንጹህ አየር ይገባል። ዳገት ላይ እስከ መጨረሻው ስትረግጠው ግን ያ መሳብ ይጠፋል፣ የሚያመልጠው ጋዝ ደሞ የሚበዛው በዛው ሰአት ነው፣ ስለዚ በንጹህ አየሩ ቱቦ ተገላብጦ ይወጣና ዘይቱን ትሮትሉ አፍ ላይ ይለጥፈዋል። አንተ ያየኸው እሱን ነው። አዲስ አበባ እኮ 2,400 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ የእንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል፣ አየሩ ጅቡቲ ወደብ ላይ ካለው በሩብ ያህል የሳሳ ነው። ተርቦ (አየር ጨምቆ የሚያስገባው) የሌለው 1 ሺህ ሲሲ ሞተር እዚ ላይ ጉልበቱ ስለሚወርድ ሁሉም ሰው እስከ ወለሉ ነው የሚረግጠው። ጣሳውን ፒሲቪው ላይ ብታስገባ ትሮትሉ ላይ ያለው ዘይት እንደነበረ ይቀጥላል።

ስለዚ መጀመሪያ ፒሲቪውን ንቀለውና ነቅንቀው፣ ቀጭ ቀጭ ማለት አለበት። ዝም ካለ ተደፍኗል፣ ቀይረው፣ ለዚች ትንሽ እቃ ደሞ ሶማሌ ተራ ሄደህ ሳልባትዮ አትፈልግ። ደህና ከሆነ ቱቦው ላይ እንዳለ ሞተሩን በሚኒሞ አስነሳና ጣትህን የቫልቩ አፍ ላይ አድርግ፣ መሳብ አለበት። ፒሲቪ ሲደፈን ጭሱ ሁሌም በሌላው ቱቦ ነው የሚወጣው፣ ዘይት ተለጠፈ ብሎ የሚመጣ ብዙ ሰው ነገሩ እዚችው ላይ ያልቃል። ዘይቱ ከልኩ በላይ አለመሞላቱንም እይ። ቀጥሎ ሞተሩ እየሰራ የዘይት መሙያውን ክዳን ክፈት፣ ቡፍ ቡፍ እያለ ጭስ የሚተፋ ከሆነ ፋሻ ነው፣ ኮምፕሬሽን (የሲሊንደሩን ግፊት) አስለካ። ፋሻ ለጨረሰ ሞተር ጣሳ መግጠም ለሚያፈስ ቆርቆሮ ባልዲ መደቀን ነው።

እውነቱን ለመናገር ያንተዋ ላይ የጣሳው ጥቅም ትንሽ ነው። ቤንዚኑ የሚረጨው ከሲሊንደሩ የአየር መግቢያ ቫልቭ በፊት ስለሆነ ቫልቩን እያጠበው ነው የሚገባው። ዲ4 የተጻፈባቸው ቶዮታዎች ላይ ቢሆን ሌላ ነገር እልህ ነበር፣ እነሱ ቤንዚኑን ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ስለሚረጩ ቫልቩን የሚያጥብ የለም፣ ዘይቱ እየተጋገረ ካርቦን ይሆናል። ግን የነዳጅ መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ከ2016 ወዲህ ሰው ያለችውን ሞተር ለማቆየት የማይሞክረው የለም፣ እረዳለሁ።

ካሰራኸው በትሮትሉ ፊት በሚገባው ቱቦ ላይ ይሁን። የሃይላንድ ፕላስቲክና የቀለም ጣሳ ምናምን አይሆንም፣ ሙቀቱ ያቀልጠዋል፣ ፒሲቪ በኩል ከሆነ ደሞ ስቦ ያጨማድደዋል። ምን አለሽ ተራ ወፍራም ላሜራ ወይም አሉሚኒየም አታጣም። መግቢያው ቱቦ ወደ ታች ዘልቆ ይግባ፣ መውጫው ከላይ ይሁን፣ መሀሉ ላይ የማይዝገው ጠምዛዛ ሽቦ ይጨመር። ያ እንደ ፀጉር የቀጠነው ሽቦ ግን በጭራሽ፣ እየተበጣጠሰ ሞተር ውስጥ ይገባል። ጠምዛዛውንም ቢሆን በተበሳሳ ላሜራ ደግፈው። ከብየዳ በኋላ ቅርፊቱ እስኪጠራ እጠበው፣ ሞተር የሚበላው እሱ ነው። ቱቦው ነዳጅና ዘይት የሚችል ጎማ ይሁን እንጂ የአትክልት ውሃ ማጠጫ አይሁን፣ ስፋቱም ከበፊቱ እንዳይጠብ፣ ከጠበበ መልሰህ ሞተሩን አፈንከው ማለት ነው። ከጭስ ማስወጫው አርቀህ እሰረው፣ ፋሸታውን (የቱቦውን ማሰሪያ) በደንብ አጥብቅ። መውጫውን ወደ ውጪ ክፍት አድርገህ አትተወው፣ ሽታው ጋቢና ይገባል።

የሱሉልታ ነገር ደሞ አለ። በጠዋት ብርድ አጭር መንገድ ስትነዳ ጣሳው ውስጥ ከዘይት ይልቅ ውሃ ነው የሚበዛው፣ ወተት የመሰለ ነገር ታያለህ። ራዲያተሩ ካልጎደለ ቴስታታ (የሞተሩ ራስ) ተበላሽቶ ነው ብለህ አትደንግጥ። ግን በህዳርና ታህሳስ ውርጭ ይሄ ውሃ ቱቦው ውስጥ ሊረጋና መተንፈሻውን ሊዘጋ ስለሚችል በነዛ ወራት ቶሎ ቶሎ አፍስሰው።

ጥያቄ፦ ሰላም፣ እኔ የተርቦ ናፍጣ ሚኒባስ ሹፌር ነኝ። ከተርቦው ወደ ሞተር የሚሄደው ቱቦ ውስጡ ዘይት አለው፣ መካኒኩ ተርቦ ቀይር አለኝ። እኔም ጣሳ ልግጠም? (ከለገጣፎ)

መልስ፦ ስስ ቅባት ከሆነ የተለመደ ነው፣ ተርቦ ለመቀየር አትቸኩል። ተጠራቅሞ የሚፈስ ከሆነ ግን ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ የተርቦውን ዘንግ በእጅህ ሞክረው፣ እየተወዛወዘ ግድግዳውን የሚነካ ከሆነ መካኒኩ ልክ ነው። ዘንጉ ደህና ከሆነ መተንፈሻውን እይ፣ ከተደፈነ ግፊቱ የተርቦው ዘይት ተመልሶ እንዳይወርድ ይከለክለዋል፣ ስለዚ ጤነኛ ተርቦ ዘይት ይተፋል። መተንፈሻው ላይ ጣሳ መግጠም ላንተ ከቪትዙ ይበልጥ ይጠቅማል፣ ግን ሳታፈስሰው እንዳትረሳ። ሞልቶ ሞተሩ ከሳበው ናፍጣ ሞተር በራሱ ዘይት መስራት ይጀምራል፣ ቁልፍ ብታጠፋም ላይቆም ይችላል። ማርሹ ማኑዋል ከሆነ ያኔ 5ኛ አስገብተህ ፍሬን አጥብቀህ ይዘህ ፍሪሲዮን መልቀቅ ነው።

ጥያቄ፦ ጣሳው ውስጥ የተጠራቀመውን ዘይት መልሼ ሞተሩ ላይ ብሞላው ችግር አለው? (ከገላን)

መልስ፦ አዎ አለው፣ ውሃና ቤንዚን የገባበት አሲድ ያለው ነገር ነው። ከተቃጠለው ዘይት ጋር ቀላቅለህ ጋራዥ ስጥ፣ ቦይ ውስጥም አትድፋው።