ገቢያቸውን ስጠይቃቸው ዝም አሉ

ልጆቼ፣ ይህን የምጽፈው መጠይቅ ይዛችሁ የሰው ደጃፍ ልታንኳኩ ለተዘጋጃችሁ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ አንዲት እናትን "የወር ገቢዎ ስንት ነው?" አልኳቸው። ዝም አሉ። ከዚያ በጣታቸው መቁጠር ጀመሩ። አንዱ ወር ሥራ አለ፣ አንዱ ወር የለም። ልጃቸው ሲመቸው ይልካል። በመጨረሻ አንድ ቁጥር ነገሩኝ፤ ጻፍኩት። ኑሯቸው ግን እዚያ ቁጥር ውስጥ አልነበረም።

የአንድን ሰው የኑሮ ደረጃ ስንለካ የምንይዘው በዋናነት ትምህርቱን፣ ሥራውንና ገቢውን ነው። ሦስቱ አብረው ይሄዳሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ትምህርት ለመጠየቅ ይቀላል፤ ሰው ሥራ ቢያጣም አብሮት ይኖራል። ሆኖም የዛሬ ስድሳ ዓመት ሁለተኛ ደረጃ የጨረሰና ዛሬ የጨረሰ ሰው እኩል ቦታ የላቸውም። ስለዚህ ዕድሜን ሳታዩ አታወዳድሩ። ሥራን ወደ ነጥብ ከቀየሩት አንዱ አሜሪካዊው የማኅበረሰብ ሳይንስ ተመራማሪ ዱንካን ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1961 ለየሙያው በሠራተኞቹ ትምህርትና ገቢ ላይ ተመሥርቶ ነጥብ ሰጠ። ጥሩ መሣሪያ ነው፤ ደመወዝ የማይከፈላትን የቤት እመቤት ግን የት ያስቀምጣታል?

ሀብትንም አትርሱ። ሁለት ሰዎች እኩል ደመወዝ ይበላሉ እንበል። አንዱ ቤት ወርሷል፣ ሌላው ተከራይ ነው። ሥራ ቢያጡ የመጀመሪያው ጊዜ አለው፣ ሁለተኛው ግን በወሩ መጨረሻ ይጨነቃል። ገቢ በማይጨበጥበት ቦታ የቤቱን ወለል፣ የውሃውን ምንጭ፣ ያሉትን ዕቃዎች ጠይቀን መለኪያ የምንሠራውም ለዚህ ነው።

ይህ ሁሉ ልፋት ለምን? በእንግሊዝ እ.ኤ.አ. በ1967 የተጀመረው የዋይትሆል ጥናት የመንግሥት ሠራተኞችን ተከታተለ። ሁሉም ቋሚ ሥራ ነበራቸው። ሆኖም የሥራ እርከኑ ዝቅ ባለ ቁጥር በልብ ሕመም የሚሞተው ሰው በዛ። የሚጎዳው የመጨረሻው ድሃ ብቻ ቢሆን ኖሮ መሃል ያሉት እንደ ላይኞቹ በሆኑ ነበር። እኔን እስከ ዛሬ እንቅልፍ የሚነሳኝ ይሄ ነው። "ድሃ" እና "ሀብታም" ብላችሁ ለሁለት ብቻ ብትከፍሉ ያ ነገር ከዓይናችሁ ይሰወራል።

ገቢን መጠይቁ መጨረሻ ላይ ጠይቁ፣ ከሰውዬው ጋር ከተላመዳችሁ በኋላ። ቁርጥ ያለ አሃዝ ከከበደው "ከዚህ እስከዚህ" ብላችሁ አቅርቡለት። አልመልስም ካለ ደግሞ ባዶ መሆኑን መዝግቡ፤ ዜሮ እንዳትሞሉበት።